ድምፅ የተሰጠበት መርፌ

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንዲት አሮጊትና አንዲት ወጣት ነርስ ተቀምጠዋል። ዘንዘልማን ስናልፍ አሮጊቷ ጠየቁ።

«መርፌ ስትወጊ እጅሽ አይንቀጠቀጥም፣ ልጄ?»

«ድሮ ነበር፣ እማማ። ትምህርት ቤት ስንለማመድ የምንወጋው ብርቱካን ነበር። ብርቱካን ደግሞ አይጮኽም።»

«ኋላስ ማን አደፋፈረሽ?»

«የቀበሌያችን ሊቀመንበር።»

«መክረውሽ?»

«የለም፣ የመጀመሪያ በሽተኛዬ ነበሩ። በወባ እየተንዘፈዘፉ መጡና መርፌውን ሲያዩ፣ ‹ይህ ጉዳይ ያለ ስብሰባ አይወሰንም!› አሉ።»

«በስመ አብ! ለቂጥ ስብሰባ?»

«ተራ የሚጠብቀውን በሽተኛ ሁሉ ሰበሰቡት። ‹ሊቀመንበሩ ይወጉ የምትሉ እጃችሁን አውጡ!› አሉ። ማንም የሚደፍር አልመሰላቸውም።»

«ማንስ ይደፍራል?»

«ሁሉም አወጣ። ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ እንኳ ደኅነኛውን አወጣ።»

«እሰይ!»

«‹የሚቃወምስ?› አሉና የራሳቸውን እጅ ብቻቸውን አወጡ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«‹ጓድ ሊቀመንበር፣ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል፤ ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉ› አልኋቸው። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። እጄም ከዚያ ወዲያ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።»

«ሲወጉ ጮኹ?»

«እንዴታ! ‹ኢምፔሪያሊዝም!› ብለው ጮኹ። በሽተኛው ሁሉ ግራ እጁን አንሥቶ ‹ይውደም!› አለ።»

ከኋላቸው የተቀመጥሁት እኔ ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብ አደረግሁና፣ ያን ቀን የወጋችውን የቂጤን ወገን ቀስ ብዬ ከወንበሩ አነሣሁት።