ከኋላ የሚንኳኳው ነገር

እትዬ እማዋይሽ፣ ተመችቶዎታል? ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ላድርግልዎት እልና፣ ወንድማችን ጉልበቱን የሚያደርግበት እንዳያጣ እፈራለሁ… እንቅልፍ ወስዶታል መሰለኝ። ይተኛ። ከሜስኪት ከተማ እስከ ሳክሲ ከተማ ድረስ በቅዳሜ ትራፊክ ሌላ ምን ይሠራል? እኔም መሪ ባልይዝ ኖሮ እተኛ ነበር። ኤሲው ካስቸገረዎት ይንገሩኝ። ያንን ዋንጫ በነጠላ ጠቅልለው እንደ ጨቅላ ሕፃን አቅፈውታል፤ እግርዎ ሥር ያስቀምጡት ብል እሺ አይሉኝም። ልክ ነዎት። የአባትዎ ዋንጫ መኪና ወለል ላይ አይቀመጥም።

ይሰማዎታል ግን?… ይኸው አሁን፣ አስፋልቱ የተጣፈበት ላይ ስንወጣ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ሲነካካ ዓይነት። ከኋላ ነው። ይቺ መኪና ጠዋት ላይብረሪ ስገባ ጸጥ ብላ ነበር፤ እርስዎን ስወስድም ጸጥ ብላ ነበር። የጀመራት ወንድማችንን ከበሩ ላይ ካነሣነው በኋላ ነው… ማለቴ ከእሱ ጋር ምን ያገናኘዋል፣ ሰዓቱን ለማስታወስ ያህል ነው። ሰኞ መካኒክ ጋ እወስዳታለሁ። ግን መካኒኩ ምን ያገኝባታል? እንዲህ ያለው ድምፅ ሰኞ ዕለት የሚሰማ አይመስለኝም።

እሱን ይተዉት፤ ጃኬቱን አይተውልኛል? በዚህ በቴክሳስ ሙቀት፣ ሰው ቆዳውን ቢያወልቅ በሚመኝበት ቀን፣ ወንድማችን ወፍራም ጃኬት ይዞ ወጣ። ታሞ ይሆን ብዬ ደንግጬ ነበር። ለካ ለራሱ አይደለም። እግሩ ሥር ላለችው ሣጥን ነው፤ አልብሷታል። በርዷት ይሆናላ። እንዲህ ያለ ርኅሩኅ ሰው አይቼ አላውቅም። ለሣጥን የሚራራ ሰው ለሰውማ እንዴት አይራራም?

እንዲህ ያለ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ ሳለ ስለ ሌላ ሰው ማውራት ነውር ነው። እንደሚያውቁኝ ደግሞ እኔ አፌ የማይፈታ ሰው ነኝ፤ ላይብረሪ የቀጠሩኝም ሳይናገሩ መዋል ስለምችል ይመስለኛል። ብቻ መንገዱም ረጅም ነው፣ እርስዎም ያኔ አልነበሩም። ሩሐማ ባለፈው ያን ትልቅ ግብዣ ስታደርግ እርስዎ ሲያትል እህትዎ ጋ ነበሩ። ልጅዎን ያውቋታል፣ የከፋትን በስልክ አትነግርም። "እማዬ፣ ጥሩ ነበር" ነው ያለችዎት አይደል?… ጥሩ ነበር።

አንድ ሰው አለ። ስሙን አላነሣም፤ የሰው ስም ማንሣት አልወድም፣ እርስዎም ምናልባት አያውቁትም። ንግግር ያውቅበታል። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ "የራሳችንን ትንንሽ ጠማቂዎች እኛ ካልደገፍን ማን ይደግፍልናል?" ሲል፣ እኔ ጴንጤዋ፣ ጠላ በአፌ ዞሮ የማያውቀው፣ አንድ በርሜል ልግዛ ወይ ብዬ ነበር። የፋብሪካ ቢራን እንዴት እንደሰደበው ቢሰሙ። "የሞተ ነገር ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ የተቀበረ ሬሳ" አለ። የሩሐማ ግን ሕይወት ያለው መጠጥ ነው፤ አልታፈነም፣ ከአተላው አልተነጠለም፣ ጌሾው ራሱ ይናገራል አለ። ጌሾ ሲናገር ሰምቶ ይሆናል፣ ምን ይታወቃል? ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እኔ ራሴ አርባ ሰው ይዤ እመጣለሁ" አለ። ይዞም መጣ። ውሸታም ነው የሚል ካለ የምከራከርለት እኔ ነኝ።

ምክሩስ ቢሆን? ከግብዣው በፊት ሩሐማን ቁጭ አድርጎ መከራት። ትንሽ ብታጠሪው፣ ትንሽ በረዶ ቢገባበት፣ ጌሾውን ትንሽ ብትቀንሺው፣ ቀለሙን ትንሽ ብታነጪው… በተረፈ ግን እንዳለ ይሁን፣ ባህላችንን እንዳትነኪ አላት። አጠገባቸው ሆኜ ስሰማ፣ ሲጨርስ ከመጠጡ የቀረው ውኃው ብቻ ነበር። እሱንም ቢሆን ያቀዘቅዘው ነበር።

እሷ ደግሞ አመነችው። ሰው ሲናገር ታምናለች፤ ያሳደጓት እርስዎ ነዎት። ጠላ መጥመቂያ ባደረገችው በዚያ የድሮ ጎማ ቤት ውስጥ ያሏትን ሦስቱንም በርሜሎች ከፈተች። የእሷ ነገር እንደ እርስዎ ጋን ነው፣ አንዴ ከተከፈተ አየር ያገኘዋል፣ ቶሎ ካልተጠጣ ይሆመጥጣል። ፈረንጆቹ ሪል ኤል፣ እውነተኛ ቢራ፣ ብለው የሚንሰፈሰፉለትም ለዚሁ ነው፤ ሕይወት ያለው ነገር ይሞታላ። ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ራሱ ድፍረት ነው።

ሰውየው ብርጭቆውን ተቀበለ። ወደ መብራቱ አንሥቶ አየው፣ አሸተተው፣ ዓይኑን ጨፈነ… ሊጸልይ መስሎኝ አብሬው አጎነበስኩ። ከዚያ በጣቱ አረፋውን ቆንጠር አደረገና ጺሙ ላይ ቀባው። ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ፣ ሙሽራ እንደሚኩል ሰው ተጠንቅቆ። ከዚያ ቪዲዮ ተነሣ። አረፋ ጺሙ ላይ እንዴት ያምርበታል መሰለዎት። መጠጡ ራሱ እስከዚያ ድረስ አልደረሰም።

ቪዲዮ ስል፣ እርስዎ ሲያትል ሆነው ያለቀሱበት የወንድማችን ቪዲዮ ሌላ ነው። እንዳያምታታዎት። በእሱ ላይ ብርጭቆው መጀመሪያ ሙሉ ነው፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ነው። መሃሉን ቆርጦታል። ይቆረጥ እንጂ፣ ሰው ሲውጥ ማን ማየት ይፈልጋል?

ወደዚያኛው ሰውዬ ልመለስ። በሩ አጠገብ ያለችውን በሶብላ ያስታውሷታል? እርስዎ በእርጎ ጣሳ ተክለው የሰጧት፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ብቻ የነበራት። ሰውየው ያን ቀን አጠገቧ ቆመ። ያወራል፣ ይስቃል፣ እጁ ወደ ታች ዘንበል ይላል… ብርጭቆው ባዶ ነው። ሩሐማ ደስ ብሏት ትሞላለታለች። ይስቃል፣ ዘንበል ይላል… ባዶ። እትዬ፣ በዚህ አገር እንደዚያች በሶብላ ትንሽ ጠማቂ የደገፈ የለም። ንግግር የለ፣ ቪዲዮ የለ፣ የቀዱላትን ሁሉ ዝም ብላ ጠጣች። አሁን ቁመቷ እኔን ሊደርስብኝ ነው። ትንሽ ወደ ግራ ታጋድላለች፤ ሩሐማ "ፀሐይ ፍለጋ ነው" ትላለች። እኔ አስተያየት የለኝም። እኔ ሩሐማ የምታዘጋጅልኝን ብርዝ ነው የምጠጣው። አልጠጣም ብዬ የማልጠጣ ሰው ነኝ፤ እየጠጣሁ ነው ብሎ አለመጠጣት ግን ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል፣ እኔ አልታደልኩም።

ከዚያማ ኳስ ሊጀመር ነው ተባለ። ሰውየው ስልኩን አየና "ወገኖች፣ ድጋፋችን ይቀጥላል" ብሎ ወጣ። የሄደው ሀይዌዩ ዳር ያለው ትልቁ ቤት ነው፣ ስክሪኑ ግድግዳ የሚያክል፣ ያን ሬሳ ያለውን ነገር በባልዲ በረዶ የሚያቀርቡበት። አርባው ሰው ምን ያድርግ? ሲቀመጥ የተቀመጠ ሲነሣ ይነሣል። ቢያነጥስ እንኳ "ይማርህ" የሚሉት በኅብረት ነው። እዚያ ሄዶ ጠጣ አልልም፣ በዓይኔ አላየሁም። ምናልባት ለቀብር ይሆናል የሄደው።

ቤቱ ውስጥ እኔ፣ ሩሐማና በሶብላዋ ቀረን። ሦስቱም በርሜሎች ሆመጠጡ። ሩሐማ አላለቀሰችም። ፍሳሹ ላይ ደፋቻቸውና ወለሉን አጠበች፤ ሳይደርቅ ደግማ አጠበችው። ይህን ንገሪልኝ አላለችኝም፣ እኔም አልነገርኩዎትም። ዛሬም እንዲያ ከሆነ ግን ሆስፒታል ወደ ነርስነቷ ልትመለስ ነው። የሥራ ልብሷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በሩ ጀርባ ሰቅላዋለች። ስገባ ሁልጊዜ ሰው የቆመ እየመሰለኝ "ጤና ይስጥልኝ" እለዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ከበሶብላዋ ቀጥሎ ቤቱን ያዘወተረ እሱ ነው።

ዛሬም ሦስቱንም ከፍታለች እኮ።

እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ያ ሰውዬ የለም። ዛሬ ያለን ወንድማችን ነው። እርስዎ ቪዲዮውን አይተው "ለልጄ ባለውለታ የአባቴን ዋንጫ በእጄ ሞልቼ እሰጣለሁ" ሲሉ፣ ደስታው በዝቶበት ለጥቂት ጊዜ ስልኩን እንኳ አላነሣም። ግን አርባውንም ሰው ጠርቷል፤ ይሄኔ ደርሰው እየጠበቁት ነው። የዋንጫውን ሥርዓት ደግሞ እርስዎ ራስዎ በማኅበሩ ቴሌግራም በድምፅ ስላስተላለፉት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቆሞ ይቀበላል፣ ሳያልቅ አይቀመጥም፣ ሲጨርስ ገልብጦ ያሳያል። እሱ ገልብጦ ካሳየ አርባው ሰው ብርጭቆውን ያነሣል፤ ያኔ በርሜሎቹ ማታውን አይሻገሩም፣ ያ የሆስፒታል ልብስም ከበሩ ጀርባ ይወርዳል። አዩልኝ፣ የአንዲት ልጅ ሥራ በአንድ ሰው ጉሮሮ ሲያልፍ? ያ ሰውዬ ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ወንድማችን ግን ይኸው፣ እሱ ራሱ እንዴት አምሮበት ተኝቷል…

ሳል ይዞታል ልበል? የኤሲው ነው። ጃኬቱን ይልበስ እንዳልለው ሣጥኗ ትበርዳለች። ደግሞስ በተኛ ሰው ሳል ምን አገባኝ?

ይኸው ኤግዚቱ። እዚህች መታጠፊያ ላይ ይጠንቀቁ፣ ዋንጫውን ያዝ ያድርጉት… ቅጭል። ሰሙ? ስንቀርብ ባሰባት። ነገርም እንደ ሰው ይፈራ ይሆን?

ደረስን። ፓርክ የማደርግበት ቦታ እንኳ የለም፤ ሁሉም መጥተዋል። ያቺ በሩ ላይ የቆመችው ሩሐማ ናት፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ደረቅ እጅ ስትጠርግ ፈርታለች ማለት ነው፣ እኔ አውቃታለሁ። እትዬ፣ እርስዎ ቀስ ብለው ይውረዱ። ሣጥኗ መኪና ውስጥ ትቆይ፤ ለብሳለች፣ አትታመምም። እቆልፍባታለሁ፣ ቁልፉም ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እኔ ደግሞ ግብዣ ላይ ወንበር የምሰበስብ ሰው ነኝ፣ መጨረሻ ነው የምወጣው። ደግሞ በሶብላዬን አጣኋት ብለው እንዳይደነግጡ፤ ጠዋት ቤቴ ወስጃታለሁ። ብዙ ደክማለች፣ ትረፍ። በቦታዋ የፕላስቲክ አበባ አድርገናል። አበባዋ ግን የሰጧትን አትቀበልም፣ ጾመኛ ናት።

አዩ፣ ነቃ። ፊቱ እንዴት በርቷል። እርስዎ ዋንጫውን ከነጠላው እስኪፈቱት፣ ዕድሜዬ ባይፈቅድም፣ እኔ ልመርቀው።

ወንድሜ፣ አምላክ ዋንጫህን አያጉድልብህ። አጋምሰህ ቀና ስትል ሩሐማ ትሙላልህ፣ ሩሐማ ቢደክማት እናቷ ይሙሉልህ። የቀዱልህ ሁሉ በአንተው ጉሮሮ ይውረድ፣ ለሌላ አይለፍብህ። ወዳጆችህ ዙሪያህን ይክበቡህ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ጨልጠህ እስክትገለብጣት ድረስ ዓይናቸው ለአፍታም ካንተ አይነቀል። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥህና፣ ከርሞም፣ የከርሞ ከርሞም፣ ለዚችው ዋንጫ፣ ከእኚሁ እናት እጅ፣ አፍ እስከ ገደፏ ሞልታ በሰላም ያድርስህ።