የጋሽ ሀይደር ሰላምታ እና የታነቀው ሰርቨር

በሪያድ፣ ፉጣ ሰፈር፣ የስደተኛውን ካርቶን ወደ ወሎ በመላክ የሚተዳደሩት ጋሽ ሀይደር የዌብሳይታቸውን ኮምፒውተር፣ የሰርቨራቸውን፣ ገመድ ከግድግዳው ነቅለው፣ በንዴት እንደጨበጡት ከሱቃቸው ብቅ ሲሉ፣ የኮምፒውተር ትምህርት የተማረው የአገራቸው ልጅ ጀብሪል በዚያው ሲያልፍ ተገጣጠሙ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሽ ሀይደር! ምነው በደኅና?»

«ወዐለይኩሙሰላም ልጄ! እንዴት ነህ? ጤናህ? ሥራህ? ከፊልህስ፣ አሠሪህ፣ ደኅና ነው? አገር ቤት? ከብቱ? ዝናቡ?» ጀብሪል ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» እያለ ቆመ። ችግራቸውን የነገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ደንበኛ ዕቃው የት እንደደረሰ የሚያይበት ዌብሳይት ቀጥ እያለ አስቸገረኝ! የዚያ ቡዳ ጎረቤቴ ዓይን ነው። ነቅዬ ስሰካው ይነሳል፣ ደግሞ ይደፋል። ኸላስ፣ ልዘጋው ነው! የፈለገ ደውሎ ይጠይቀኝ።»

«በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችንስ በሥራ ሰዓት እንዴት ይደውላሉ?»

ጋሽ ሀይደር ድምፃቸው ወረደ። «እሱስ እውነትህን ነው። ትርንጎ የምትባል ልጅ ለእናቷ የስኳር መድኃኒት ልካለች። ደሴ መድረሱን ካላየች ወንድሟን ሂድና ተቀበል አትለው፤ እናትየው ደግሞ የያዙት ሊያልቅባቸው ነው። በዚያ ላይ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ባለፈው ስልኳን ልትቀማት ነበር።»

«እንግዲያው ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ! መንቀልዎን ይተዉና ማን እንዳነቀው እንይ።»

ገብተው ሰኩት። ብዙም ሳይቆይ እንደ ልማዱ ማቃሰት ሲጀምር፣ ጀብሪል በማሽኑ ውስጥ ሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ የሚዘረዝር መስኮት ስክሪኑ ላይ ከፈተ። «ይመልከቱ፤ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ሰርቨሩ አንድ አስተናጋጅ ያቆማል። ፕሮሰስ ይባላል። እንግዳውን ሸኝቶ መመለስ ነበረበት። እነዚህ ግን ሜሞሪውን እንደያዙ ተገትረዋል፤ በላዩ አዲስ ይጨመራል፣ ማሽኑ ይታነቃል።»

«ሰነፍ ሁላ! ግደላቸው!»

«ብገድላቸው ሌሎች ይተካሉ። ምን ይዟቸው እንደቆሙ ልመርምር።» አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፤ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ። «ጋሽ ሀይደር፣ ሁሉም የእርስዎን ሰላምታ እያደረሱ ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሀይደር፣ እንግዳ ሰላም ሳይባል ጉዳይ አይጠየቅም ብለው፣ ራሳቸው ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ አዝመራውን በየተራ የሚጠይቁበትን ረጅም ቪዲዮ የገጹ መግቢያ ላይ ሰክተዋል። እሳቸው ጠይቀው ካልጨረሱ አስተናጋጁ ንቅንቅ አይልም!

«ያለ ሰላምታማ ውርደት ነው! ሰው ምን ይለኛል?»

«ትርንጎ ማድቤት ተደብቃ ስትከፍተው፣ ድምፅዎ ‹ላሟ ወለደች ወይ?› እያለ ሲጮህ ማዳሟ ምን ትላለች?»

ጋሽ ሀይደር እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! ለካ ስልኳን ልትቀማት የነበረው በኔ ጦስ ነው! አንሳው፣ ያላ፣ አንሳው ልጄ!»

ቪዲዮው ተነሣ፤ አስተናጋጆቹም እየሸኙ ይመለሱ ጀመር። በትርንጎ ገጽ ላይ «ደሴ ደርሷል» የምትል ቃል ብቻ ቀረች። መርምሮ መፍረድ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ማሽኑ አረፈ፣ ያላጠፋ ጎረቤት በቡዳነት ከመታማት ዳነ፣ የታመመች እናትም መድኃኒቷን አገኘች።

በዕረፍቷ ቀን ትርንጎ ልታመሰግን ደወለች። ጀብሪልም ሱቅ ነበር።

«ደርሷል» አሉ ጋሽ ሀይደር፣ ያለ አንዲት ሰላምታ።

«ምነው ጋሼ፣ ተጣላን እንዴ?» አለች ልጅቱ፣ ሆድ ብሷት።

ጋሽ ሀይደር ስልኩን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ ጀብሪል ዞሩ። «በስልክስ ስንት አስተናጋጅ ይያዛል?»

«አንድ ብቻ። እሱም እርስዎ ነዎት።»

«ተመስገን!» ብለው ወንበር ሳቡና ተመቻችተው ተቀመጡ። «እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽ? እናትሽስ ተሻላቸው? ላሟስ፣ ወለደች?»