የልጄ ደብተርና የወንድሜ ጆሮ

ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ ታላቅ ወንድሜን በጋራዣቸው ደጃፍ፣ አሮጌ ጎማ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። የሞተርን ሕመም በማድመጥ ብቻ ስለሚያውቁ ሰፈሩ «ባለ ጆሮው» ይላቸዋል። በሥራ ቀን እንዲህ ሥራ ፈተው አይቻቸው አላውቅም።

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ አመመዎት?»

«ዛሬ የመጣ አንድ አዲስ ነጭ መኪና ነው ያመመኝ፣ እቱ። አርባ ዓመት ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን የካንዴላ ገመድ እየነቀልኩ እሳት መኖሩን አይቻለሁ። በዚህም ሞተሩ እየዞረ አንዱን ነቀል አድርጌ ልይ ብል፣ ኮይሉም ኮምፒዩተሩም ተቃጠለ። ባለቤቱ ሲያዋርደኝ ዋለ።»

ልጄ ትዝ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣችው ልጄ እዚሁ እሳቸው ጋ ስትሠራ፣ ደንበኛ ፊት «ጋሼ፣ ይሄኛው እንደዚያ አይነቀልም» ብትላቸው አባረሯት። ቤት ገብታ ደብተሯን ዘረጋችልኝ። «እማዬ፣ እዪው፤ እዚህ ተጽፏል።» ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ባለመቻሌ አፍሬ፣ «ደብተር ታላቅ አያስንቅም፤ ሂጂና እግራቸው ላይ ውደቂ» አልኳት። ደብተሩን ትታልኝ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ደብተሩን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«ደግሞ አንቺም መካኒክ ልትሆኚ ነው?»

«አንብቤ ልጨርስና ይሳቁ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላቸው። የድሮው መኪና ያለው፣ እሳቱን የሚያመነጨው ኮይል አንድ ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ጣት የመሰለ ነገር እየዞረ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በተራ ያድላል። አዲሱ ዲስትሪቢዩተር የለውም። እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው፤ ተራ የሚሰጠው ኮምፒዩተሩ ነው።

«እሳት እሳት ነው! ምን ልዩነት አለው?»

«እናታችን ለአራታችን በአንድ ጭልፋ ስታወጣልን ትዝ ይልዎታል? እሷ የታመመች ቀን ሁላችንም ጦማችንን አደርን። የድሮው እንደዚያ ነው፤ አዳዩ ሲበላሽ ሞተሩ በሙሉ ይቆማል። በአዲሱ አንዱ ኮይል ቢታመም ሦስቱ ይሠራሉ፤ የታመመውንም ኮምፒዩተሩ ይናገራል።»

«እሳቱ የሚነሳበትን ሰዓትስ በምን ላስተካክል? እንደ ድሮው የማዞረው ዲስትሪቢዩተር ፈልጌ አጣሁ።»

«ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክላል። የሚያልቅ የዲስትሪቢዩተር ክዳን የለ፣ በአሸዋ ወረቀት የሚፈተግ የለ፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ኮይሉን ነቅለው ሞተሩን ቢያዞሩት ግን እሳቱ መውጫ ያጣና የራሱን ቤት ያቃጥላል።»

«ጆሮዬ እንግዲህ ምን ሊሠራ ነው?»

«እሱማ ይፈለጋል። ሰውም ይስማበት እንጂ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ደብተሩን በቅባት እንዳያቆሽሹት በጨርቅ ተቀበሉኝ። «ይሄን ልትነግረኝ ነበር ለካ... ደውዪላት። ጋሼ ተሸነፈ በያት፤ ቦታሽ አለ በያት።»

እዚያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ እዚህ በቋሚነት ተቀጥሬያለሁ» አለች ልጄ። «ከእንግዲህ አልመለስም።» አክላም፣ «ለጋሼ ንገሪልኝ፤ ኮይል ሳይነቅሉ በፊት ሞተሩን ያጥፉ። ኤሌክትሪክ እንዳይመታቸው።»

ነገርኳቸው። ወንድሜ አቀረቀሩ።

አዲሱን መማር ሞተርን ከመቃጠል፣ ታላቅን ከውርደት፣ ቤትንም ከመበተን ያድናል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ ማንበብ ባልችልም «አንብቢልኝ» ማለት እችል ነበር።