ለልዩ ሥልጠና የተመረጠው ሰው

ይግቡ እትዬ፣ ይግቡ! በዚህ ሙቀት አራት ፎቅ በእግርዎ... ሊፍቱ ዛሬም አልተሠራም አይደል? እዚህ ይቀመጡ፣ መስኮቱ ጋ ነፋስ አለ። ኬኩን ለእኔ ይስጡኝ። ምነው ተቸገሩ? እህቴ ወጥ ቤት ናት፣ ሻይ እያፈላች ነው። ባሏም ያውልዎት፣ ሶፋው ላይ ጋዜጣ እያነበበ ነው። ልጆቹ ውጭ ኳስ ይዘው ወጡ እንጂ እነሱም ሰላም ይሉዎት ነበር። ጉልበትዎ አሁን እንዴት ነው? ያ ቅባት ረዳዎት?

እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ ነው የመጡት? «የእህትሽ ባል ለልዩ ሥልጠና ተመረጠ» የሚለውን ሰምተው? ደግ አደረጉ። ከዚያ ሁሉ የፋብሪካችን ሠራተኛ አንድ ሰው ብቻ መመረጥ ቀላል ነው እንዴ? እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ስሠራ እስቲ ትሠልጥን ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሳያስፈልገኝ ቀርቶ ይሆን?... እንጃ።

ሻዩ እስኪመጣ ስለ ሌላ ሰው ላጫውትዎ። እኛ ማቅለሚያ ክፍል አንድ የፈረቃ ኃላፊ አለ። ስሙን ይተዉት፣ ሰው ማማት አልወድም። ደግሞስ የማወራው ምስጋና አይደል? አንተ ንባብህን ቀጥል፣ እኛ የራሳችንን ወሬ ይዘናል።

ሰውዬው ቀለም ቀመስ ነው። እኛ ነካሪዎች ነን፣ እሱ ቀማሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሲመጣ ማሽኑ በየት በኩል እንደሚከፈት ያሳየሁት እኔ ነበርኩ። እንዴት ያለ ፈጣን ተማሪ መሰለዎት! በሳምንቱ መጠየቅ ተወ። በወሩ ሰላምታ ተወ። በዓመቱ ኃላፊዬ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ያኮራል እንጂ ያስቀይማል?

እትዬ፣ ፖሊስተር ነክረው ያውቃሉ? በባልዲ? እንዳይሞክሩት። ጥጥ የዋህ ነው፣ ሞቅ ያለ ውኃ ካገኘ ቀለሙን ጭልጥ ያደርገዋል። ፖሊስተር ግን ፕላስቲክ ነው። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ግን... ውኃ ቢፈላበትም ቀለም አይገባውም። አነስተኛ መኪና የሚያህል ዝግ በርሜል ውስጥ ከተን፣ አፍነን፣ መቶ ሠላሳ ዲግሪ ስናደርስበት ነው እሺ የሚለው። አንዳንዱ ፍጥረት እንዲህ ነው፣ ካልታፈነ አይገባውም። ታዲያ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲሞቅ ቀስ፣ ሲቀዘቅዝም ቀስ። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ከለቀቁበት ኩምትር ይላል። ያን ጊዜ የተጨማደደውን ካውያም አያቃናው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ስምንት መቶ ሜትር ጥቁር ሰማያዊ የመጋረጃ ጨርቅ ማሽን ውስጥ ነበር። የደንበኛው መኪና በር ላይ ቆሟል። እኔ በደቂቃ አንድ ዲግሪ እያወረድኩ ነው። የእኛ ኃላፊ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ይሄ ነገር ማዝገም ያበዛል» አለና ቀዝቃዛውን ውኃ በገዛ ጣቱ ለቀቀው። «ኧረ ይጨማደዳል!» ብል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቀለም የነካካ ሁሉ መሐንዲስ ሆነ እንዴ?» አይጣፍጥም አነጋገሩ? እኔ እንኳ ሳቄ መጥቶ ነበር... ጨርቁ እስኪወጣ።

ሲወጣ እትዬ፣ ያ የመጋረጃ ጨርቅ ሌሊቱን ሙሉ ሲለቀስበት ያደረ መሐረብ መስሏል።

እዚህ ላይ የሰውዬውን ችሎታ ይዩልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል፣ ፊቱ ይቀላል። እሱ ፊቱ ቀለም አይዝም። ቁጭ ብሎ ሦስት ገጽ ሪፖርት ጻፈ። እንዴት ያለ ጽሕፈት! «ይህ ጨርቅ ይህን መልክ ሊይዝ የቻለው በማሽን ሠራተኛዋ እጅ ብቻ ነው። የእኔም ሆነ የሌላ ሰው እጅ የለበትም።» ፈረመ፣ ማኅተም አስመታ፣ ለሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት ላከ። እኔን ከማሽኑ አንስተው መጋዘን ከተቱኝ፣ ጨርቅ አጣጥፍ ጀመር።

መጋዘኑ ውስጥ አምስት ሳምንት ቆየሁ። ምቾቱን ላውራልዎ? የሚጮህ ማሽን የለም፣ የሚያናግር ሰው የለም። በሁለተኛው ሳምንት ጣቶቼን ባያቸው ነጥተዋል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥፍሬ ሥር ሰማያዊ ወይ ቀይ ጠፍቶ አያውቅም ነበር፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ። አንድ ዘመዴ ደግሞ ቤቴ ድረስ መጥታ «አመስግኚው እንጂ፣ እሱ ባይማልድልሽ ኖሮ ትባረሪ ነበር» አለችኝ። እኔም አመሰገንኩ። ምን አደርጋለሁ? የማለደልኝን ሰው... ስንት ሰው እንዲህ ችግር ውስጥ አስገብቶ የሚማልድ አለ?

እህቴ፣ ሻዩ ደረሰ? ምነው የብርጭቆ ድምፅ ጠፋ?

እና የተጨማደደው ጨርቅ መጋዘን ጥግ ተጥሎ ነበር። አንድ ቀን የልብስ ሱቅ ያላት ደንበኛ ገበር ልትገዛ መጣች። ዓይኗ ያን ጨርቅ ላይ አረፈ። ሳበችው፣ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፣ መስታወት ብታጣ በመስኮቱ ራሷን አየች። «ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለች። እኔ ማጣጠፌን ቀጠልኩ። ስምንት መቶውንም ሜትር ጭና ሄደች። ቀሚስ አድርጋ ሰፍታው በሦስት ሳምንት አለቀ። ተመልሳ መጥታ በሦስት ቀለም ሦስት ሺህ ሜትር አዘዘች። አይታጠፍ፣ አይተኮስ፣ ሴቱ ሁሉ ወደደው!

ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ «ይህን ሐሳብ ያመጣ ማን ነው?» ሲሉ የእኛ ሰው ክራቫቱን አስተካክሎ ተነሣ። «ብዙ ጊዜ ሳጠናው የቆየሁት ነገር ነው» አለ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ በነጣው እጄ። ደስ አይልም? ሰው በአንድ ጣት እንዲያ ያለ ጥናት ሲያጠና!

የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍለት ተባለ። ጸሐፊዋ የጨርቁን ፋይል ብታወጣ ያ ሦስት ገጽ ሪፖርት ከላይ ተቀምጧል። ለሥራ አስኪያጁ ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ መነጽራቸውን አድርገው በጉባኤው ፊት ጮክ ብለው አነበቡት። «በማሽን ሠራተኛዋ እጅ ብቻ... የእኔ እጅ የለበትም።» ቀና ብለው «ፊርማው የማን ነው?» አሉ። ታዲያ ምን ይበል? የእኔ አይደለም ቢል ማኅተሙ አለ። የእኔ ነው ቢል... እትዬ፣ እኔ እንዲህ በገዛ እጁ መስክሮልኝ የሚያውቅ ሰው የለኝም። ወንድሜ እንኳ እንዲያ አያደርግልኝም።

ያም ሆኖ ዕድል ሰጡት። «እስቲ ሠርተህ አሳየን» አሉት። ሦስት ጊዜ ሞከረ። አንዱ ልሙጥ ሆኖ ወጣ። አንዱ ዥንጉርጉር ሆነ። ሦስተኛውን እንኳ ይተዉት፣ ወለል ማጽጃ አድርገነዋል፣ አሪፍ ያጸዳል። ከዚያ እኔን ከመጋዘን ጠሩኝ።

ለካ እኔ የዚያን ሐሙስ ልማዴ ሆኖ፣ ውኃው ሲለቀቅ ማሽኑ ስንት ዲግሪ ላይ እንደነበረና በስንት ደቂቃ እንደወረደ ደብተሬ ላይ ጽፌው ኖሯል። ደብተሩን ከፍቼ ማሽኑን ዘጋሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ ያልነካሁት እጀታ... ቢከዳኝስ? ቢቃጠልብኝስ? ሁሉም ከኋላዬ ቆመዋል። በሰዓቱ ውኃውን ለቀቅኩ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ከፈትኩ። ያችው ጭምድድ፣ ቁርጥ እሷን! በወይን ጠጅ ቀለም። ጥፍሬ ሥር ቀይ ሲገባ ባየው እዚያው ማሽኑ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን ሳቅሁ።

አዲሱን ሥራ በኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ። እሱንስ? አላባረሩትም። እኔው ነኝ የማለድኩለት፣ ብድር መመለስ አለ አይደል? «ልጅ አለው፣ ሚስት አለው፣ ደግሞ ትንሽ ቢማር ይገባው ይሆናል» አልኩ። ስለዚህ ሦስት ወር ማሽኑ አጠገብ ቆሞ እንዲማር ወሰኑ። በወረቀቱ ላይ ነገሩ ምን እንደተባለ ያውቃሉ? «ልዩ ሥልጠና»።

አይገርምም እትዬ? አንድ ፋብሪካ ውስጥ ለልዩ ሥልጠና የተመረጡ ሁለት ሰዎች! የእህቴ ባልና ያ ሰውዬ። ያኛው ለቤተሰቡ ዜናውን ሲያበሥር አሠልጣኟ ማን እንደሆነች መናገር ረስቷል አሉ። ደስታ ያስረሳል።

መጣሽ እህቴ? ትሪውን አስቀምጪው እንጂ፣ በር ላይ ምን ያቆምሻል? አምጪ እኔ ልያዘው። አይ፣ አንቺን አልተቀየምኩም፣ የነገሩሽን ነው ያመንሽው። ባልሽ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ ይሄን ያህል የሚያቆይ ምን ዜና ቢያገኝ ነው? ውይ፣ ትን አለህ? ውኃ ስጡት... ቀስ ብሎ ይጠጣ ብቻ፣ ቀዝቃዛ በድንገት ጥሩ አይደለም።

እትዬ፣ ኬኩን ይቁረሱልን። በዚያ ሰው ላይ ቂም የለኝም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥልጠናው ይጀመራል፣ ቱታውን በልኩ አስመርጬ አስቀምጬለታለሁ። ማሽኑ በየት በኩል እንደሚከፈትም ደግሜ አሳየዋለሁ፣ አይሰለቸኝም።

ልመርቀውማ ነው የምፈልገው። ፈጣሪ ዕድሜውን ያርዝመው። ጤናውን ይስጠው። ከልጆቹ ጋር ደስ ብሎት ይኑር። እጁን ይባርክለት። ከዛሬ ጀምሮ በእጁ የሠራውን ሁሉ፣ አንዷም ሳትቀር፣ ማንም ሳይሻማው... በገዛ ስሙ ይጻፍለት! አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ። እህቴ፣ አንቺም አሜን በይ።

አንተስ? የማታውቀው ሰው ቢሆንም ምርቃት ነው... አሜን በል እንጂ።