ሰላምታ እየሄዱ ነው

ሲስተር የዓለምወርቅ እዚህ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመሩት በሽተኛ ሆነው ነው።

ምስክሬ ጋሽ ጌጡ ናቸው። ያን ቀን በር ላይ ጥበቃ እያሉ፣ አንዲት ሴት የቀጨኔን ዳገት ወጥተው፣ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ፣ ሌላው አጥሩ ላይ ሆኖ ብቅ አሉ። መናገር አልቻሉም። ጋሽ ጌጡ ምን ያድርጉ? ደግፈው አስገቧቸውና ከወረፋው አስቀድመው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አደረሷቸው። ውስጥ የነበረው አብራር ነው።

«ስም?»

«የዓለምወርቅ።»

«ሥራ?»

«ነርስ።»

«የት ነው የሚሠሩት?»

«እዚሁ» አሉ፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ከዛሬ ጀምሮ።»

ለማታውቁኝ፣ ሙዓዊያ እባላለሁ፤ የአብራር ታናሽ ወንድም ነኝ፤ አስራ አንደኛ ክፍል ነኝ። እዚህ ቤት ሽኝት ሲኖር የሚናገረው እሱ ነበር። ዘንድሮ አብራር የለም፤ እናንተም ተራውን ለእኔ ሰጣችሁኝ። ቀልዶቹ የእሱ ናቸው፤ ካልሳቃችሁ ጥፋቱ የእኔ አነጋገር ነው።

ሲስተር ለግፊትም፣ ለስኳርም፣ ለወገብም የሚያዙት አንድ ነገር ነው። «በእግርህ ሂድ፣ ላብህ ይውጣ።» ራሳቸው ግን ለአንድ ፌርማታም ታክሲ ይጠብቁ ነበር። አብራር አላስቻለውም።

«ሲስተር፣ ለእርስዎ የሚያዘው ማን ነው?»

«አንተ ካርድ አውጪ እንጂ ሐኪም አይደለህም።»

«ካርድዎ እኔ ጋ ነው» አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ አብረው ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በር ተነስተው ወደ እንጦጦ ማርያም ጉዞ ጀመሩ። እንጦጦ ቀርቶ ሰፈሩንም አልጨረሱትም። ድካም እንዳይመስላችሁ፤ ሰላምታ ነው። ቀጨኔ ውስጥ በሲስተር እጅ ያልተከተበ ልጅ የለም። እንዴት አደሩ ይባላል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከዚያ ቀሚስ ከፍ ተደርጎ ጉልበት ይታያል። አንዷን ሲጨርሱ ሌላዋ ትጠብቃለች። እንዲህ እያሉ የሥራ ሰዓት ደረሰ።

ሲመለሱ አብራር ሕግ አወጣ። «ከነገ ጀምሮ ሰላምታ እየሄዱ ነው። የፈለገዎት ሰው ጎን ለጎን ይከተል።»

«ሰው ምን ይለኛል? ሲስተር ኮራች ነው የሚለው።»

«ይበል።»

ማንም አልተቀየመም። ጥያቄ ያለው ጎን ለጎን እየተራመደ ይጠይቅ ጀመር። እዚህ የተቀመጡት እትዬ ኡሙሀኒ ስለ ስኳራቸው ሊጠይቁ ከደጃፋቸው በነጠላ ጫማ ብቅ ብለው ነበር። መልሱን ሰምተው ቀና ሲሉ ዙሪያቸው ባህር ዛፍ ነው።

«አሁን በምን ልመለስ?» አሉ።

«በመጣሽበት እግር።»

ዛሬ እትዬ ኡሙሀኒ ስኒከር አላቸው፤ ጠዋት ቀድመው የሚደርሱትም እሳቸው ናቸው።

አምና ክረምት ላይ አብራርን በመኪና አደጋ አጣነው። አላህ ይዘንለት። እኔ ከቤት መውጣት አቆምኩ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም አልሄድኩም። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሁሉ ከእኛ ጋር ይቀመጣል፤ ሰዉ ሄዶ ሲያልቅም እኔ እዚያው ፍራሽ ላይ ቀረሁ። እማዬ መለመን ሰልችቷት ዝም ብላኝ ነበር።

አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ።

«ይግቡ ሲስተር፣ አረፍ ይበሉ» አለች እማዬ።

«አልቀመጥም ጀዊሪያ። ዛሬ ለቅሶ የምደርሰው እየሄድኩ ነው። ልጁ ጫማ ያድርግ።»

እምቢ ለማለት አፍሬ ወጣሁ። እስከ ዳገቱ ወገብ ድረስ ስለ አብራር አንድ ቃል አልተናገሩም። እሱ ሁልጊዜ ውሃ የሚጠጣበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ ግን እንባዬ መጣና ቆምኩ። ሲስተር ክርኔን ያዝ አደረጉኝ።

«እየሄድክ አልቅስ» አሉኝ።

እየሄድኩ አለቀስኩ። ቤት ስገባ ርቦኝ ነበር። እማዬ ቁርስ ስበላ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች፤ ለምን እንደገባች አሁን ገብቶኛል። በሳምንቱ ስንወርድ ሲስተር መንገድ ቀይረው በትምህርት ቤቴ በር በኩል አዞሩኝ። «አንድ ጊዜ ግባና መምህርህን ሰላም በል» አሉኝ። እሳቸው ሄዱ፤ እኔ ውስጥ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ መቅረት አይታሰብም። ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። የእኔ ረመዳንና የእሳቸው ሁዳዴ ሲገጥም፣ «ዘንድሮ እንኳ እንረፍ» አልኳቸው። «እኔም እጾማለሁ፣ አንተም ትጾማለህ፤ ዳገቱ ግን የት ይሄዳል?» አሉኝ። ቀስ ብለን ወጣን።

ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል ደነገጥኩ። ልጃቸው ሀሌሉያ ሀዋሳ ላይ ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች ተባለ። ሀዋሳ ደግሞ ሜዳ ነው። እሳቸው ከሄዱ ያ ፍራሽ መልሶ እንዳይዘኝ ፈራሁ። ልጠይቃቸው እያልኩ ስንት ጠዋት ዝም ብዬ ወጣሁ። በዚህ ሳምንት ግን አላስቻለኝም።

«ሲስተር፣ ሀዋሳ የሚሄዱት መቼ ነው?»

እርምጃቸውን ሳይቀንሱ መለሱልኝ።

«ለጥምቀት ልጄን ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እመለሳለሁ። ጤና ጣቢያው በጡረታ አሰናበተኝ። ከዳገቱ ማን አሰናበተኝ?»

በዚያ ዳገት ላይ ትንፋሽ የቀለለኝ እንደዚያ ቀን የለም።

ሲስተር፣ የአብራርን ሕግ ስለጠበቁለት አመሰግናለሁ። ከፍራሹ ስላስነሱኝ አመሰግናለሁ። እማዬም ከልቧ አመስግንልኝ ብላኛለች። ለሰው ሁሉ ያዘዙት መድኃኒት ለእርስዎም ይሥራልዎት፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ትንፋሽዎን ያርዝምልዎት፣ የልጅ ልጅ ይዘው ዳገቱን ለመውጣት ያብቃዎት።

አሁን ብርጭቋችሁን አንሱ፤ የእኔ ለስላሳ ነው። ግን ማንም ባለበት ሆኖ እንዳይጠጣ፤ አብራር ቢኖር አይፈቅድም ነበር። ተነሱና ወደ ሲስተር እየተራመዳችሁ ጠጡ። ሲስተር፣ እርስዎም ይነሱ፤ ጠረጴዛውን እየዞሩ ይቀበሉን። ሰላምታ እየሄዱ ነው።