የሚይዘው እጅ ይምረጥ

ታቢታ ያን ቅዳሜ ከአጎቷ ጋር የመገናኘት ሐሳብ አልነበራትም። እንዲያውም አጎቷ ኦርቪል በዚያ ሰዓት ከከብት ገበያ እንደማይመለሱ ገምታ ነበር ወደ ሌስተር ሱቅ የሄደችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ ገና በሩን ስትከፍት ሽማግሌው ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አስደግፈው፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ያንኑ የዘወትር ታሪካቸውን ሲያወሩ አገኘቻቸው።

በዚያ በአሜሪካ የአርካንሳስ ኮረብታ አገር ያን ታሪክ ያልሰማ ሰው የለም። ባለፈው ዓመት በቆሎው ሊታጨድ ሲል አንድ ሌባ በጠራራ ፀሐይ ኦርቪል ቤት ገባ። ቤት ውስጥ የነበሩት ሚስታቸው ወይዘሮ ኦፓል ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ኦፓል ባላቸው ለገና የሰጧቸውን ትንሽ ሽጉጥ ከመሳቢያ መዘዝ ሲያደርጉ ሌባው ጫማውን ጥሎ ፈረጠጠ። ታሪኩ መጀመሪያ ሲነገር ጫማ አልነበረበትም፤ ጫማው በኋላ የመጣ ነው።

«ልጄ! ምን እግር ጣለሽ?» አሉ ኦርቪል።

«ሽጉጥ ልገዛ ነው የመጣሁት አጎቴ። ሰሞኑን ሰው የቤቴን በር እጀታ ሲያዞር ሰምቻለሁ። ውሻው ባይጮህ ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ታቢታ በወረዳው ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ በጠጠሩ መንገድ ጫፍ ባለው ቤታቸው ብቻዋን ትኖራለች። ፖሊስ ቢጠራ እዚያ እስኪደርስ ላም ታልባ ወተቱም ይጠጣል። የመምህር ደመወዝ ደግሞ እንደሚታወቀው ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሳሳተች ሌላ ለመግዛት አቅም የላትም።

የዓሣ ማጥመጃ ትልና የከብት ጨው ከጥይት ጋር አደባልቆ የሚሸጠው ሌስተር ጥያቄዋን እስክትጨርስ አልጠበቀም። ከመስታወቱ ሥር እጀታዋ ሮዝ የሆነ፣ ጥይቷ በሚዞር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ አወጣ። አውጥቶም ለታቢታ አልሰጣትም። ለኦርቪል ሰጣቸው!

«ይቺን ይመልከቱልኝ አቶ ኦርቪል። ጥይቷ ወፍራሙ፣ ባለ ሠላሳ ስምንቱ ነው። ላባ በላት። የወይዘሮ ኦፓል ዓይነት፣ ሌባ አባራሪዋ!»

«እሷ ናት!» አሉ ኦርቪል እያገላበጡ። «ለሴት ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ጠቅልልላት። ግማሹን እኔ እችላለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ብሎ መናደድ ተገቢ ነው። በዚያ አገር ወንድ ልጅ ቦት ጫማ ሲገዛ እግሩን ከቶ፣ ተራምዶ፣ ጎንበስ ቀና ብሎ ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱን፣ መኪና ሲገዛ ሆዷን ያያል። የሴት የመጀመሪያ ሽጉጥ ግን በአባት ወይም በባል ተመርጦ፣ ሪባን ታስሮለት ይሰጣል። እሷም «አመሰግናለሁ» ትላለች፣ አንዴ ትተኩሳለች፣ መዳፏ ይቃጠላል፣ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ «ቤቴ የታጠቀ ነው» እያሉ በሰላም ይተኛሉ። ነገሩ ፍቅር የለበትም አይባልም። ጆሮ ግን የለውም።

ታቢታ እጇን ዘረጋችና ሮዟን ሽጉጥ ከአጎቷ ተቀብላ ባዶ መሆኗን አየች፤ መልሳም አስቀመጠቻት።

«ጥግ ላይ ያለውን ያገለገለውን አሳየኝ።»

«ያንን?» አለ ሌስተር። «ጥይቱ ቀጭኑ፣ ባለ ሠላሳ ሁለቱ ነው እኮ እመቤቴ! የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው ዋጋው የወረደው። ሽኮኮ ልታድኚ ነው?»

ከጥይት መደርደሪያው አጠገብ ቆመው የነበሩ ገበያተኞች ሳቁ። ኦርቪል ግን አልሳቁም፤ ተቆጡ።

«አባትሽ በሕይወት ቢኖር ይህን ይፈቅድልሽ ነበር? እሱ ባለ አርባ አምስት የታጠቀ ሰው ነው! ያ ሁሉ ትምህርት ተምረሽ በአሻንጉሊት ልትጠበቂ?»

«አጎቴ፣ አይቆጡኝ፤ ይስሙኝ። አባቴን እወደዋለሁ። ግን እጁን ይዞት ሄዷል። እኔ ያለኝ የራሴ እጅ ነው።»

«ትልቅ ጥይት ሰው ያቆማል። ትንሽ ጥይት ሰው ያናድዳል። ይኸው ነው።»

«የሳተ ትልቅ ጥይትስ ምን ያቆማል? ጎረቤት ቤት ገብቶ ካልቆመ በቀር።»

«ማን ሳተ አለሽ?»

«ይቺ ላባ የምትሏት ናት የምታስተው። አጎቴ፣ ከብት ያረባሉ፤ ከባድ ጋሪና ቀላል ጋሪ እኩል ጉድጓድ ቢመታቸው የትኛው ይዘላል?»

«ቀላሉ።»

«ሽጉጥም እንደዚያ ነው። ያው ጥይት ከከባድ ሽጉጥ ሲወጣ ይገፋል፣ ከቀላሉ ሲወጣ ይራገጣል። እናንተ ግን ከሁሉ የባሰችውን ተራጋጭ 'የሴት' ብላችሁ፣ ሮዝ ቀብታችሁ ትሰጡናላችሁ። ከዚያ ተኩሰን ስንደነግጥ 'ሴት አይደለች፣ ምን ታድርግ' ትላላችሁ!»

ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር። ሌስተር ከብት ጨው የጠየቀው ያለ ይመስል ወደ ጓዳ ገባ።

ኦርቪል ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም፤ ደግሞም የያዙት ክርክር ሁሉ ከንቱ አልነበረም። «ጥይቱንስ ከየት ታመጪዋለሽ?» አሉ። «ባለ ሠላሳ ስምንት በየነዳጅ ማደያው ይሸጣል። ያንን ግን የት ታገኚዋለሽ?»

«እዚህ ላይ እውነት አለዎት» አለች ታቢታ። «እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ይወደዳል። አስቀድሜ አዝዤ ማስቀመጥ አለብኝ። ጉድለቱ እሱ ነው። ግን በየማደያው የሚሸጥ ጥይት የሚፈራ እጅ ውስጥ ምን ይረባል? እኔ ይሄን ዓይነቱን የተኩስ ትምህርት በወሰድኩበት ቦታ ተኩሼዋለሁ። ሳልፈራው ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ዋልኩ።»

«ኦፓልስ?» አሉ ኦርቪል፤ ይህ የመጨረሻው ምሽጋቸው ነበር። «ኦፓል ሌባ ያባረረችው በምንድን ነው? በወንጭፍ ነው?»

 «እንግዲያው እንሞክረው» አለች ታቢታ። «ይሄን ልግዛና ከእርስዎ ጎተራ ጀርባ እንሂድ። የአክስቴንም ሽጉጥ አምጥተን ሁለቱንም እርስዎ ይተኩሱ። እኔ ከተሳሳትኩ ነገውኑ መልሼ ሮዟን እገዛለሁ።»

«በቃ! በቃልሽ እይዝሻለሁ» አሉ ሽማግሌው፣ ደስ ብሏቸው። ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው።

ሌስተር መንግሥት ስለ ሽጉጥ ገዢ የሚጠይቀውን ማጣሪያ ጨርሶ ያገለገለውን ሽጉጥ ሰጣት። ከቀትር በኋላ ከጎተራው ጀርባ ባለው ከፍ ያለ የአፈር ግንብ ላይ የወረቀት ሳህን ሰክተው፣ ጆሯቸውን ሸፍነው፣ መነጽር አድርገው ቆሙ። ወይዘሮ ኦፓል ሽጉጣቸውን ከመሳቢያ አውጥተው ለባላቸው ሰጡና ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የበረዶ ሻይ ይዘው ነበር፤ አልቀዱም።

«አጎቴ፣ እኔ ላጉርስልዎት» አለች ታቢታ። «ከከበሮው አንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ አደርጋለሁ። የቱ ባዶ እንደሆነ አይወቁ። ዓይንዎን ከአፈሙዙ አይንቀሉ።»

«እንዳሻሽ አድርጊ። እኔ የምተኩሰው አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ነው።»

የመጀመሪያው ጮኸ፤ ሽጉጧ ወደ ላይ ዘለለች፤ ሳህኑ ግን ደኅና ነበር። ኦርቪል ነፋሱን ረገሙ። ሁለተኛውን ምላጭ ሲስቡ ግን ቀጭ ብቻ አለ። ጥይት አልነበረበትም፤ ሽጉጧም ልትራገጥ አትችልም ነበር። አፈሙዙ ግን የሚያየው እስኪያፍር ድረስ ወደ መሬት ሰገደ።

ኦርቪል የራሳቸውን እጅ አዩ። የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ትክ ብለው አዩት።

«እጅዎ ነው ሽጉጧን የጣላት» አለች ታቢታ በቀስታ። «ዱላ የሚመጣ መስሎት። እርስዎም ይፈሯታል አጎቴ። ነውር የለውም፤ ማንም ይፈራታል።»

እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ሰገደ። ከዚያ ያገለገለውን ባለ ሠላሳ ሁለት ወሰዱ። እሱም ባለ ከበሮ ነው፤ ግን ከበድ ይላል፣ አፈሙዙም ረዘም ይላል። በመጀመሪያው ጥይት ሳህኑ ጫፉ ተበሳ፤ ባዶው ቀለህ ሲደርስ እጃቸው ንቅንቅ አላለም።

ሰው ግን በዓይኑ ያየውን ወዲያው ቢቀበል ምክር የሚባል ነገር ባላስፈለገ ነበር። «ይሁን!» አሉ ኦርቪል ፊታቸው ቀልቶ። «የኔ እጅ አርጅቷል። ያም ሆኖ ሚስቴ ሌባውን ያባረረችው በዚህችው ነው! ይህን ማን ይክደዋል?»

«እኔ» አሉ ወይዘሮ ኦፓል።

የሻይ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እኔ ማንንም አላባረርኩም ኦርቪል። ኮቴውን ስሰማ መሳቢያውን ከፈትኩ። ሽጉጧን አየኋት። የገና ዕለት አንተ 'ተኩሺ፣ ተኩሺ' እያልክ እጄን የሰነጠቀችኝ ትዝ አለችኝ። አልነካኋትም። በጓሮ በር ወጥቼ በቆሎው ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ሰውየው ማድቤት ቆሞ ለእሑድ የጋገርኩትን የኮክ ኬክ በላ። ሲበላ በመስኮት አየዋለሁ። ከዚያ ሄደ።»

«ኬኩንማ... አንቺ በላሁት ብለሽኝ...»

«አዎ፣ በላሁት ብዬሃለሁ! አንተ ስትመጣ የተከፈተውን መሳቢያ አየህና 'አባረርሺው!' ብለህ አቀፍከኝ። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ኮርተህብኝ አታውቅም። ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነው። አንተ ግን በማግስቱ ለሌስተር፣ በእሑዱ ለቤተ ክርስቲያን አወራኸው። ጫማ ጨመርክበት! የዲያቆኑ ሚስት በዚያ ተረት ገዛች። ፖስታ ቤት የምትሠራዋ ልጅ ገዛች። ስንቷ እንደገዛች እግዜር ይወቅ። 'ወይዘሮ ኦፓልን ያዳነች ሽጉጥ' እያሉ መሳቢያቸው ውስጥ ቆልፈዋታል። ነገ አንዷ ላይ ሰው ቢገባባትስ? በቆሎው የታጨደ ቀን ቢሆንስ፣ ወዴት ትሂድ?»

ንዴታቸው ዓመት ሙሉ ሲጠራቀም ቆይቶ የወጣ ነበር። ታቢታ አክስቷ ሲቆጡ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኦርቪል ኮፍያቸውን አወለቁ። ሚስታቸው በሆዳቸው ተኝተው ሳለ እሳቸው ጊደር እየተጫረቱ ነበር። «አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም» አሉ በመጨረሻ። «የቱን ትወጂያለሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም።»

«አልጠየቅከኝም።»

«ኦፓል፣ የቱን ትወጂያለሽ?»

ወይዘሮ ኦፓል ተነሥተው የታቢታን ሽጉጥ ያዙ። ታቢታ አያያዙን አሳየቻቸው። ተኮሱ፤ ሳህኑን ሳቱት። ግን አልደነገጡም። ደግመው ተኮሱ፤ ሳህኑ መሐሉ ተበሳ። «ሌላ ጥይት አለሽ?» አሉ፤ ማንም ቢያቀብላቸው ግድ የላቸውም፤ እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጉ። ጥይቱን ያቀበሏቸው ኦርቪል ናቸው።

ከዚያ በኋላ የበረዶ ሻዩ ተቀዳ፤ ታቢታም በክፍል ውስጥ እንደለመደችው ነገሩን አስረዳች። ሰው የማይፈራውን ይለማመዳል። የተለማመደ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ያውቃል። ያንን ያወቀ ደግሞ መቼ መተኮስ እንደሌለበትም ያውቃል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ጥሩ መቀርቀሪያና የሚጮህ ውሻ ይቅደሙ፤ ሽጉጥ የመጨረሻው ነው። የልጅ ልጆች ለሚመላለሱበት ቤትም መሳቢያ አይበቃም፤ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ያስፈልጋል።

«ሣጥኑንስ ማን ይመርጣል?» አሉ ኦርቪል፣ ለመቀለድ እየሞከሩ።

«እኔ» አሉ ወይዘሮ ኦፓል። አልቀለዱም።

ሰኞ ጠዋት ኦርቪል ሌስተር ሱቅ ሄዱ። ያለወትሯቸው ታሪኩን ሳይጀምሩ ባንኮኒው አጠገብ ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ ወጣት ባልና ሚስት ገቡ። ሌስተር ሮዟን ሽጉጥ አውጥቶ ለባልየው ሲያቀብል ኦርቪል ከመሐል ቀልበው ልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጧት።

ልጅቷ ፊቷ በራ። «ወይዘሮ ኦፓል ሌባውን ያባረሩባት ይቺ ናት?» አለች።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ታሪኩን ለመስማት ዘወር አለ። 

«አይደለም የኔ ልጅ» አሉ ኦርቪል። «ይቺን ትታ ነው በቆሎ ውስጥ የተኛችው።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ልጅቷ ሽጉጧን መልሳ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችና ባሏን ሳይሆን ሌስተርን አየችው።

«እንግዲያው ሌሎቹን አሳየኝ» አለች።