የጉድጓዱ ጾም

ከጊጊሪ በተሳፈርኩበት፣ እዚህ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የአገሬ ሰዎች ያወራሉ። ሸምገል ያሉት ምግብ ቤት አላቸው፤ ትራፊውን ጉድጓድ ውስጥ እያብላሉ ጋዝ ያወጣሉ።

«ካርቦን ለቀነሰ የሚከፍሉት ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት ሊለኩ ይመጣሉ፤ ጋዙ ግን ደከመብኝ።»

«ምን ሆኖ፣ ጋሼ?»

«ሁዳዴ ነዋ! ሥጋ የለ፣ ቅባት የለ።»

«ሞራ ገዝተው ይጨምሩበታ! ጉድጓድ አይጾም!»

«የማብላላው የቤቴን ትራፊ ብቻ ነው ብዬ ፈርሜ?»

«ገንዘቡ ከቀረ እኮ ለሰፈሩ ቆሻሻ ያሰቡት ትልቁ ጉድጓድም ቀረ ማለት ነው።»

«መጾማችንን እነግራቸዋለሁ፤ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው ይለኩ።»

«እምቢ ካሉስ?»

«መድኃኔ ዓለም ሌላ በር ይክፈት።»

አማርኛ እንደማትሰማ ሴት ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ በልቤ «አሜን» አልኩ።